ባላምባራስና ጯሂው ማርሽ

ባላምባራስ ደግፌ ወጥ የሸተታቸው ቤት ሁሉ «ቤቶች» ሳይሉ ሰተት ብለው ይገቡ ነበር። ባለቤቱም ምን ያድርግ፣ «ኖር» ብሎ ከገበታው ይነሳላቸዋል።

አንድ ቀን ገበሬው በተሰበሰበበት፣ አሮጌ ትራክተራቸውን «እኔው ልንዳው» ብለው ወጡበት። ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን ሳይረግጡ ማርሹን ቢገፉት፣ የማርሹ ጥርሶች ያሉበት ካምቢዮ ጩኸቱን አቀለጠው።

«አንተ ነህ ያበላሸኸው» አሉ አጠገባቸው የቆመውን የትራክተሩን ሾፌር። «ለምን እንደሚጮህብኝ አሁኑኑ ተናገር፤ አለዚያ ከመሬቴ ውጣ።»

«ጌታዬ፣ ፍሪሲዮን መርገጥ ማለት ደጅ ቆሞ ‹ቤቶች› ማለት ነው» አለ ሾፌሩ። «እርስዎ ዝም ብለው ዘው አሉበት። እኛ ብንሆን ‹ኖር› ብለን እንነሳልዎ ነበር፤ ብረት ግን ይሉኝታ የለውም።»