ከሦስቱ የተማረችው ሪሞት

ትርሲት ርእሰ መምህር ሆና በተሾመች በወሩ፣ ቀድሞ ያስተማሯትን ጋሽ ውብሸትን ልታማክር ሄደች። «ጋሼ፣ ነባሮቹን የትምህርት ክፍል ተጠሪዎች አንሥቼ ሁሉንም ሥራ በእጄ አደረግሁ። ግን የሚሰማኝ የለም። ምን ጎደለኝ?» አለቻቸው። እሳቸውም እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

አንድ አባቱን የሚያስታምም ሰው ነበረ። አባትየው ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆኖ የሚታዘዝላቸው ግራ እጃቸው ብቻ ነው። ልጁ ሥራ ሲሄድ ብቻቸውን ይውላሉ። ማጽናኛቸው የልጃቸው ሠርግ የተቀረጸበት ዲቪዲ ነበር፤ ሟች ባለቤታቸው እዚያ ላይ እስክስታ ሲወርዱ ይታያሉ። ነገር ግን የቴሌቪዥኑ ሪሞት ሌላ፣ የማጫወቻው ሌላ፣ የስፒከሩም ሌላ ነው። በአንድ እጃቸው አንዱን ሲያነሡ ሌላው ከአልጋው ይወድቃል። የሚያነሣላቸው ስለሌለ ጣራ ጣራውን ሲያዩ ይውላሉ።

ልጁም ሁሉንም የምታዝ አንድ ሪሞት ገዛና አሮጌዎቹን ጣላቸው። «አባባ፣ ከእንግዲህ ይቺ ብቻ ትበቃዎታለች» አላቸው። አባትየው ጫን አሏት። ምንም የለም። ልጁ ተቀብሎ ጣቱ እስኪቀላ ተጫነ። ከሦስቱ አንዱም አልነቃ። «ተወው ልጄ፣ ቢቀርስ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ልጁ ሪሞቷን ይዞ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ሮጠ። ጠጋኙም ሳቀ። «ይቺ እኮ ገና ምንም አታውቅም። ከአሮጌዎቹ ጋር ፊት ለፊት ስታጋጥማት፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ከእነሱ ነው የምትማረው። የታሉ?»

ሰውየው በቀጥታ ወደ ሰፈሩ የቆሻሻ ገንዳ ሄደ፤ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እያየው በርብሮ ሦስቱንም አወጣ። ጠራርጎ አዲሷን በየተራ ከፊታቸው አስቀመጣት፤ ከሰዓቱን ሙሉ ቁልፍ በቁልፍ አስተማራት። ከዚያ በአባቱ ግራ መዳፍ ላይ አኖራት። አባትየው በአውራ ጣታቸው ጫን ቢያደርጉ ባለቤታቸው ከነሳቃቸው ብቅ አሉ።

«ድምፁን ልጨምርልዎ?» አላቸው።

«ቁጭ በል፤ እኔው እጨምራለሁ» አሉት።

ጋሽ ውብሸት ወደ ትርሲት ዞሩ። «ልጄ፣ ያቺ ሪሞት አንቺ ነሽ። ሹመት ስለያዝሽ ብቻ የሚሰማሽ የለም። ያነሣሻቸውን ሰዎች ነገ ጠዋት ራስሽ ሄደሽ ጥሪያቸው፤ ሰው ምን ይለኛል አትበይ። ከፊታቸው ተቀምጠሽ ሥራቸውን ከእያንዳንዳቸው ተማሪ። ያን ጊዜ አንድ ቃልሽ ለሁሉም ይደርሳል፤ በዚህ እኔ አልጠራጠርም።»