በሦስት የታጠፈው ነጠላ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በድሮ ዘመን፣ አህያ ስትናገር ማንም በማይገረምበት ጊዜ፣ አንዲት እውነተኛ ሴትና አንድ አታላይ ሰው መንገድ ዳር አንድ ነጠላ ይጓተቱ ነበር።

«ልቀቅ፤ የልጄ መዳሪያ ነው። ከሳጥኔ ሰርቀህ ነው የወሰድከው» ትላለች እትዬ የሺመቤት።

«እናቴ ያወረሰችኝ ነው» ይላል ምላሰ ቅቤው አያ ዳምጠው።

የእትዬ የሺመቤት ልጅ ነገ ትዳራለች። ሌላ ነጠላ የላትም።

በዚያ ዘመን ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ፣ የሚዳኛቸው መጀመሪያ የመጣ አላፊ አግዳሚ ነበር። ዳምጠው ይህን ያውቃል። ስለዚህ የሚስቱን ወንድም «ስጮህ ብቅ በል» ብሎት ነበር።

«መጀመሪያ የመጣው ይፍረደን» ብሎ ጮኸ። «ንጉሥ ይሙት፣ ከፍርዱ አልወጣም።»

የሚስቱ ወንድም ግን ጠላ ቤት ገብቶ ቀረ። የመጣችው አህያ ናት።

«አህያ ልትፈርድብኝ?» አለ ዳምጠው።

«የማልከው አንተ ነህ» አለች እትዬ የሺመቤት።

አህያዋም «ተራ በተራ እጠፉት» አለች።

ዳምጠው እንደ ሰው ሁሉ ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት አጠፈው። ነጠላው መሃሉ ላይ ተነፋ። በመዳፉ ተጫነው፤ ተነሳ። በጉልበቱ ተጫነው፤ ተነሳ። ተቀመጠበት፤ እሱ ብድግ ሲል ነጠላውም ብድግ አለ።

እትዬ የሺመቤት ሳጥኗ ጠባብ ስለሆነ ሁልጊዜ የምታጥፈው በሦስት ነው። አሁንም በሦስት አጠፈችው። ነጠላው በየእጥፋቱ መስመር ወደቀ፣ ጸጥ ብሎም ተኛ።

«አጋጣሚ ነው» አለ ዳምጠው።

«ስልቻ ስሸከም ነው የኖርኩት» አለች አህያዋ። «እህሉ ተራግፎ ሲታጠፍ፣ ሁልጊዜ በለመደበት ይታጠፋል። ስስ ነገር አንዴ ከታጠፈ የታጠፈበትን ስፍራ አይረሳም። ይህ ነጠላ ብዙ ዓመት ያደረው በሦስት ታጥፎ ነው። የእትዬ ነው። አንተ ደግሞ ነገ የሙሽራዋን ሳጥን ተሸክመህ ታደርሳለህ። ሸክም ምን እንደሆነ እወቀው።»

እትዬ የሺመቤት ነጠላውን ደረቷ ላይ አድርጋ በረጅሙ ተነፈሰች። እዚያው ሳሩ ላይ ቁጭ አለች፤ ከዚያ ብቻዋን ሳቀች።

እንግዲህ ልጆች፣ ውሸት ምላስን ታስተምራለች እንጂ እጅን አታስተምርም።

ዳምጠውም ምሏልና ምን ያድርግ። በማግስቱ አንገቱን ደፍቶ የሙሽራዋን ሳጥን ሊሸከም ሄደ።