የተዘለሉት ዘጠኝ መስመሮች

ፋይል መክፈት ሥራው የሆነ አንድ ሰው ነበረ። ትናንት «ጋሼ፣ ቁጥሩ ከታች ቁጭ ብሎ እያለ ከላይ ያለውን ወሬ ለምን አነብባለሁ?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ የእሱን ነገር ልንገርሽ። ረጅም አይደለም፤ እኔም ረጅም ለማውራት አቅሙ የለኝም።

ሰውየው ከተማ ተቀምጦ ከመቶ አርባ ጤና ኬላዎች የሚመጣለትን ፋይል ይመረምር ነበር። በየኬላው ክትባት የሚቀመጥበት ፍሪጅ አለ፤ በየፍሪጁ ውስጥ ደግሞ በየአሥር ደቂቃው ሙቀቱን ለክቶ ከነሰዓቱ የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ አለ። ክትባት ከሞቀ ይበላሻል፤ የተበላሸ ክትባት የተወጋ ልጅ ደግሞ እንዳልተወጋ ነው። ሰውየው ይህን ያውቃል፤ ሥራውንም ይወድ ነበር። ግን ደክሞት ነበር። የዛሬውን ፋይል ሲጨርስ የነገው ደርሶ ይጠብቀዋል። ወገቡን ያመዋል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ የሚያመሰግነውም የለም።

መሣሪያው ቁጥሩን ከመዘርዘሩ በፊት ስለ ራሱ ይናገራል። በእያንዳንዱ ፋይል ራስ ላይ ዘጠኝ መስመር አለ፤ መሣሪያው የትኛው እንደሆነ፣ የት እንደተቀመጠ፣ በምን እንደሚለካ፣ ሰዓቱ እንዴት እንደተሞላ፣ የተከለው ባለሙያም ያኖረው ማስታወሻ ካለ እሱ ጭምር። ሰውየው መጀመሪያ መጀመሪያ ያነብበው ነበር። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሲመስለው ሰለቸው። አንድ ቀን ፋይሎቹን በሚያጣራለት የኮምፒውተር ኮድ ላይ «ዘጠኙን መስመር ዝለል» ብሎ ጻፈና እፎይ አለ። እውነቱን ለመናገር ሥራው ፈጠነለት።

በሦስተኛው ወር ኮዱ አንዲት ኬላን በቀይ አወጣለት። ማክሰኞና ዓርብ፣ ከሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት፣ ፍሪጁ ሞቅ እያለ ይመለሳል። ቀን ቢሆን ኮዱ ያልፈው ነበር፤ ቀን ፍሪጅ ይከፈታላ። ሰውየው ግን ማሽን ሁሉ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው ብሎ ያምናል፤ ስለዚህ ያ ሁለት ሰዓት ለእሱ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ሰው በተኛበት ሰዓት ፍሪጅ ምን ያሞቀዋል? ለመጠየቅ ደከመው። «ሠራተኛዋ ሌሊት ሶኬቱን እየነቀለች መብራቱን ለራሷ ጉዳይ ታውለዋለች» ብሎ ጻፈና ወደ ወረዳው ላከው። ቀጥሎም ሌላ ፋይል ከፈተ።

የኬላዋ ሠራተኛ ይታይሽ ትባላለች። አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ያገለገለች ናት። የወረዳው ሰዎች ቁልፉን ሊቀበሏት ሲመጡ፣ «ኧረ እኔ ሌሊት ኬላውን ረግጬው አላውቅም! ጎረቤት ይመስክር!» ብላ አለቀሰች።

«መሣሪያ አይዋሽም» አሏት። እውነት ነው፣ አይዋሽም።

የነበረው ክትባት ተሰብስቦ ተቃጠለ። መንደሩ ጭሱን አየ። ከዚያ በኋላ እናቶቹ የሚያወሩት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ይታይሽ ልጆቻችንን የተበላሸ ነገር ስትወጋ ኖራለች።

በእሷ ቦታ ሌላ ሠራተኛ ተተካች። ከወር በኋላ ኬላዋ እንደገና በቀይ ወጣች። ያው ማክሰኞና ዓርብ፣ ያው ከሁለት እስከ አምስት፤ ሙቀቱ ብቻ ቀነስ ብሏል። ሰውየው ያን ጊዜ ደነገጠ። አንዷ አጠፋች እንበል፤ ሁለተኛዋም በዚያው ቀንና በዚያው ሰዓት ታጠፋለች? ፋይሉን በገዛ እጁ ከፍቶ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አነበበ። ስምንተኛው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሠራተኛዋ ሰዓቱን እያየች ቅጽ ስለምትሞላ፣ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሞልቷል።»

ሁለት ሰዓት የጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር። ማክሰኞና ዓርብ የክትባት ቀን ነው። ፍሪጁ የሚሞቀው እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ስለሚሰለፉ፣ ይታይሽም እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ስትከፍትና ስትዘጋ ስለምታረፍድ ነው። ክትባቱ አንድም ቀን አልተበላሸም። ካነጋገር ይፈረዳል ይባላል፤ መሣሪያው በየፋይሉ ተናግሮ ነበር፣ ሰሚ አጣ እንጂ።

ሰውየው ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ ይታይሽን ጓሮዋ ውስጥ ጎመን ስትኮተኩት አገኛት። ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ የሚገልጽና ወደ ሥራዋ እንድትመለስ የሚል ደብዳቤ ሰጣት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አነበበችው። አልተቆጣችም፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

«ወንድሜ፣ ይሄን ለኔ ማምጣትህ ደግ ነው» አለችና በእጇ ወደ መንደሩ አመለከተች። «ለነሱስ ማን ያነብላቸዋል?»

ማክሰኞ ጠዋት ኬላውን ከፈተች። ድሮ አርባ እናት ይመጣ ነበር። ሰውየው አጠገቧ አግዳሚው ላይ እስከ አምስት ሰዓት ተቀመጠ። የመጡት ሦስት ናቸው።

በወሩ መጨረሻ የኬላዋ ፋይል ደረሰው። ቀይ የለበትም። ማክሰኞም ዓርብም ፍሪጁ ቀዝቃዛ ነው፤ ከፍ ያለበት ሰዓት የለም። ከመቶ አርባው ሁሉ እንደዚያ ያማረ ፋይል አልነበረም። ሰውየው እሱን አይቶ አለቀሰ።

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺ ወሬ ያልሽው እንዲህ ያለው ነው። ፋይል እንደ ምስክር ነው፤ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ማን እንደሆነ፣ የት ቆሞ እንዳየ፣ በማን ሰዓት እንደሚናገር ያስታውቃል። ያንን ዘለሽ ቁጥሩን ብቻ የያዝሽ እንደሆነ በሰው ላይ ሳትሰሚው ፈረድሽ ማለት ነው። ደክሞኛል እንዳትይኝ። እሱም ደክሞት ነበር፤ ይታይሽም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደክሟት ነበር። በይ አሁን የዘለልሽውን ክፈቺና ከመጀመሪያው መስመር ጀምረሽ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ፤ የኔ ዓይን ደክሟል።