የስድስት ጠዋት ድምፅ

አንዲት ሴት ብርቱካን እየላጠች ነው። የተቀመጠችው ግድግዳው በስፖንጅ በተሸፈነ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ማይክሮፎን ፊት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስትጮህ ስለቆየች ጉሮሮዋ ደርቋል። እንጀራዋ ይኸው ነው፤ የውጭ አገር ተከታታይ ፊልሞች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ለሴቶቹ ድምፅ ትሰጣለች።

በዚያ ሰሞን የያዙት ፊልም ስምንት ክፍል ነበረው። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው የቆመ ታሪክ ነው፤ ሁሉም ግን ገና ስላልመጣ ዘመን፣ ሰው በሠራው መሣሪያ ስለሚደርስበት ጥፋት ያወራል። በአንዱ ታሪክ የፊልሙን ሴት የእጅ ሰዓቷ የምትሞትበትን ቀን ይነግራታል። በሌላው መነጽሯ የምትወዳቸውን ሰዎች ከዓይኗ ይደብቅባታል። በመጨረሻው ደግሞ ቤቷ ራሱ በሩን ይቆልፍባታል። «ክፈትልኝ! ትሰማኛለህ?» ትለዋለች። ቤቱም በለስላሳ ድምፅ «መልካም ቀን ይሁንልሽ» ይላታል።

«ትንሽ ፍሪልኝ እንጂ!» አላት አዘጋጁ ሚልኪያስ ከመስታወቱ ማዶ።

«ከዚህ በላይ ከፈራሁ ጥዬህ ነው የምሮጠው።»

«የት ልትደርሺ? በሩን ቆልፌዋለሁ» አለ፤ ሳቁ። ለምሳ እረፍት ተባለ፤ እሷ ግን ብርቱካኗን ይዛ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ቀረች።

ወገኖቼ፣ ይህችን ሴት እዩልኝ። ቀኑን ሙሉ መሣሪያን ስትፈራ የምትውል ሴት ናት። ታዲያ በገዛ ስልኳ ምን አደረገች?

እናቷ ፍቼ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጽሑፍ አያነቡም። ስለዚህ በየጠዋቱ የድምፅ መልእክት ትልክላቸዋለች፤ እሳቸውም በድምፅ ይመልሳሉ። ምርቃታቸው ረጅም ነው። ሥራው በተጣደፈበት ሳምንት ግን ይህም ከበዳት። ስቱዲዮው ውስጥ የሰውን ድምፅ አስመስሎ የሚናገር ፕሮግራም ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚሆን የስድስት ጠዋት ሰላምታ ጻፈችለት፤ በእሷ ድምፅ ተናገረላት። በየዕለቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለእናቷ እንዲደርስ ስልኳን አዘዘችው። የእናቷ መልስ ሲመጣ «ምርቃት ነው፤ ማታ እሰማዋለሁ» ትላለች። ማታ ይደክማታል።

ይኸው አርብ ሆነ። ብርቱካኑን እየበላች ስልኳን ከፈተች። ከማክሰኞ ጀምሮ ያልሰማቻቸው መልእክቶች ተደርድረዋል።

የማክሰኞው ምርቃት ነው። የረቡዕ ከሰዓቱ ግን እንዲህ ይላል፦ «ልጄ፣ ደጃፉ ላይ አዳልጦኝ ወደቅሁ። እግሬ አብጧል፤ መርገጥ አቃተኝ። ነይልኝ።»

ከሥሩ የሐሙስ ጠዋት ሰላምታ አለ፤ የራሷ ድምፅ። «እንዴት አደርሽ እማዬ? ደህና በመሆንሽ ደስ ብሎኛል።»

እናት መለሱ፦ «ትናንት ያልኩሽን አልሰማሽም እንዴ? ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ?»

የአርብ ጠዋት፣ አሁንም የራሷ ድምፅ። «እማዬ፣ ሁሌም በሐሳቤ ነሽ። መልካም ቀን ይሁንልሽ።»

ከዚያ በኋላ የመጣው አጭር ነው። የእናቷ ድምፅ ነው።

«ማነህ አንተ? ይሄ የልጄ ድምፅ ነው፤ ልጄ ግን ወድቄያለሁ ስላት እንዲህ አትለኝም። ልጄን ምን አደረጋችኋት?»

ብርቱካኑ ከእጇ ወደቀ። ደወለች፤ አይነሳም። ደግማ ደወለች፤ አይነሳም። ሄዳ ከውጭ ብቻ የሚከፈተውን የክፍሉን በር መታችው። «ክፈትልኝ! ሚልኪያስ፣ ክፈትልኝ!»

እሱ ልምምድ መስሎታል። «እንዲህ ነው እንጂ መፍራት!» አላት ከማዶ።

በሩ ተከፍቶላት ሮጣ በተሳፈረችበት የፍቼ ሚኒባስ ውስጥ ያንን መልእክት ስንት ጊዜ እንደሰማችው አላውቅም። ስትደርስ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አስካለ በር ላይ ተቀበሏት። «እግሯን ወጌሻ አይቶታል፤ ወለምታ ነው፣ አይዞሽ። ስልኩን ግን በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ልጄን የበላ ነገር ነው ትላለች።»

እናት ስለ እግራቸው አላወሩም። ጉንጮቿን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እስቲ ተናገሪ።»

«እማዬ» አለች። የያዟትን እጆች በእጆቿ ሸፈነች።

«አዎ» አሉ እናት፤ «ይቺ ናት።»

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ስንቶቻችን እንዲህ ያለ ፊልም አይተን «መሣሪያ ሰውን ሊጨርሰው ነው» ብለን አማተብን? ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ማሽኑ ምን አጠፋ? ተናገር ተባለ፤ ተናገረ። መስማት የእሱ ሥራ አልነበረም። መስማት የማን ነበር?

ወንድሙ የሞተበትን ሰው አንዲት የሻማ ሥዕል ልካችሁ አላለፋችሁትም? የታመመች ጓደኛችሁን «እንዴት ነሽ?» ብላችሁ፣ መልሷን ሳትሰሙ አልተኛችሁም? በቃል የያዝነውን ጸሎት አድርሰን «አሜን» ብለን ብድግ ስንል፣ እግዚአብሔር የሚለንን ለመስማት ስንት ደቂቃ ቆየን? ይህን ስጠይቃችሁ እኔም እየፈራሁ ነው። የዚያች እናት ወለምታ ነበር። ሁሉም ወለምታ አይደለም። «ነይልኝ» ያለ ሁሉ እስክንደርስ አይቆይም።

ዛሬ ስልካችሁ ውስጥ ሳትሰሙት ያሳደራችሁት ድምፅ የማን ነው?

ለቅዳሜ ጠዋት የተዘጋጀ አንድ ሰላምታ ቀርቶ ነበር። ሴትየዋ አጠፋችው። ከዚያ የእናቷን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ወጌሻው የተወላቸውን ጨርቅ ቀስ ብላ መጠምጠም ጀመረች። «አመመሽ?» ብላ ጠየቀች፤ መልሱ እስኪመጣ ድረስም እጇን አቆመች።

«ትንሽ ላላ አድርጊው» አሉ።

አላላችው። ጫፉን ቋጠረች። የተረፈውን ጨርቅ አጥፋ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።