ማንም ያልለወጠው ስም

አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ለአንዲት ከተማ ውኃን በየሰፈሩ በተራ የሚለቅ ፕሮግራም ይሠራ ነበር። ሠራተኞቹ የጻፉትን ሁሉ የሚያስገቡት በአንድ የጋራ ኮምፒውተር ሲሆን፣ በላዩም ማን ምን እንደለወጠ የሚመዘግብ ሥርዓት ነበር። ሥርዓቱን የተከለችው ወይንሸት የምትባል ባለሙያ ስትሆን፣ ለሙከራ ያህል በመነሻ ቅንብሩ ላይ፣ ማለትም ስም ሳይጻፍ ሲቀር ሥርዓቱ በራሱ በሚወስደው ቦታ፣ የራሷን ስም ሞላች። ከዚያ ወዲህ ስሙን ሳይጽፍ የሚያስገባ ሰው ሥራ ሁሉ በእርሷ ስም ይመዘገብ ጀመር።

ወይንሸት ይህን እንዳየች ወደ ኃላፊው ሄደች። «አቶ ደጀኔ፣ መነሻውን ባዶ ላድርገው። ስሙን ያልጻፈ ሰው ማስገባት አይቻለው።»

«አንቺ ደግሞ ነገር ማጥበቅ ትወጃለሽ» አሏት። «ሥራ ይጓተታል። እርስ በርሳችን እንተዋወቅ የለ? እንዳይነካ።»

ምስጉን ሠራተኛ የሚመረጥበት ጊዜ ሲደርስ የመዝገቡ እኩሌታ በወይንሸት ስም ተገኘ። «ወይኒ፣ ተኝተሽም ትሠሪያለሽ ማለት ነው» ብሎ አንድ ባልደረባዋ ሰዎቹን አሳቀ። አቶ ደጀኔም «ይህ ቅንብሩ የጻፈው ስም ነው፤ ማስረጃ አይሆንም» ብለው ሽልማቱን ለሌላ ሰጡ። እርሷ ራሷ የደከመችበትም ሥራ አብሮ ተሰረዘ።

ቆይቶ አንድ ሰው ያስገባው የተሳሳተ ለውጥ የኮረብታውን ሰፈር ከነጤና ጣቢያው ውኃ አሳጣ። ከንቲባው የጥፋተኛውን ስም ጠየቁ። መዝገቡ ሲከፈት ወይንሸት ይላል።

«ያን ቀን ፈቃድ ላይ ነበርኩ። የፈረሙልኝ እርስዎ ነዎት» አለች ወይንሸት ለአቶ ደጀኔ።

«አውቃለሁ። መዝገቡ ግን የሚለው ይህንን ነው።»

«በሽልማቱ ጊዜ ማስረጃ አይሆንም ብለው ነበር።»

«ያኔ የሚጠይቀን አልነበረም» አሉ አቶ ደጀኔ፣ ቀና ብለው ሳያዩዋት።

ስህተቱን የሠራው ሰው እዚያው ተቀምጦ ጠረጴዛውን ያይ ነበር።

ወይንሸት ከሥራ ተሰናበተች። በቦታዋ ሌላ ሰው ተቀጠረ፤ ቅንብሩን ግን የነካው የለም። ዛሬም በዚያ ቤት የሚጠፋው ጥፋት በእርሷ ስም ይጻፋል።

በጊዜው ያልታረመ መነሻ ማንንም የማይጎዳ ይመስላል። ክብር ሲታደል «አይቆጠርም» ይባላል፤ ተጠያቂ ሲፈለግ ደግሞ «ተጽፏል» ይባላል። ሁለቱንም የሚለው አንድ አፍ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ዝም የሚሉት ግን ብዙዎች ናቸው።

እኛስ ስማችንን ሳንጽፍ ያለፍነው ሥራ፣ ዛሬ በማን ስም ተመዝግቦ ይሆን?