ሰፊዋ መኪናና ያልተጠየቀችው እህት

አንድ ዓይነት መኪና ብቻ የምትፈልግ አንዲት የጨርቅ ነጋዴ ነበረች። ስሟ ይታይሽ ይባላል። የምትፈልጋት መኪና ፋብሪካው መሥራቱን ካቆመ ቆይቷል። አፍንጫዋ ረጅም፣ ኋላዋ ሰፊ፣ የፊት ወንበሯ እንደ መደብ አንድ ወጥ የሆነ፣ ቤተሰብ ሙሉ ውጣ የምትሄድ የቤት መኪና ናት። ደላሎች ይታይሽን ባዩ ቁጥር ይስቁባት ነበር።

«እትዬ፣ ለዚህች መኪና መለዋወጫ ከሰማይ ካልወረደ የለም» አላት አንዱ። «ዛሬ ፍሬኗ ቢበላሽ ነገ ዶሮ ያድርባታል።»

«ዶሮዎቹንም እገዛለሁ፤ አንተ ብቻ ፈልግልኝ» አለችው።

ለምን እንደምትፈልጋት ግን ለማንም አልተናገረችም።

አባቷ እንዲህ ያለች መኪና ነበረችው። እሁድ እሁድ ልጆቹን ጭኖ ወደ ሐይቁ ሲወርድ፣ ታላቅ እህቷ ፈለቀች መስኮቱን ከፍታ ትዘፍናለች፤ ይታይሽ ደግሞ ራሷን በእህቷ ጭን ላይ ጥላ ትተኛለች። አባትየው ሲሞት መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ቀረች። ሩቅ አገር አስተማሪ የነበረችው ፈለቀች ከቀብሩ በኋላ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ከውርሱ ምንም አልጠየቀችም። «የአባባን መኪና ብቻ እስክመጣ አትንኩብኝ» ብላ ሄደች። ይታይሽ ግን ሱቅ ልትከፍት ቸኩላ ነበርና፣ እህቷን ሳትጠይቅ ሸጠቻት።

ፈለቀች ለሙት ዓመቱ መጥታ የግቢውን በር ስትከፍት፣ በዙሪያው ሣር በቅሎ መኪናዋ የቆመችበት መሬት ብቻ ራቁቱን ቀርቶ አየች። ያን ቀን የዘጋችውን አፍ ከዚያ ወዲህ ለይታይሽ አልከፈተችም።

ዓመታት ሄዱ። ሱቁ ሰፋ፤ ይታይሽም አንዲት ሐሳብ በልቧ ታመላልስ ጀመር። «የአባባን መኪና የመሰለች ባገኝ፣ ያንኑ ቀለም አስቀብቼ፣ እትዬ በር ላይ አቁሜ ክላክስ ባደርግ… ያኔ ትወጣለች። ያኔ ይቅር ትለኛለች።» ፋሲካ ሲመጣ «መኪናዋን ሳገኝ እሄዳለሁ» አለች። የእህቷ ልጅ ስትዳርም «መኪናዋን ሳገኝ» አለች። እህትሽ ታማለች ሲሏት እንኳ ሱቋን ዘግታ ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች እንጂ አልሄደችም። ባዶ እጇን እዚያ ደጅ መቆም አቃታት።

አንድ ጠዋት ደላላው እያለከለከ መጣ።

«ተገኘች! እማማ አጸደ የሚባሉ ባልቴት ግቢ ውስጥ። ባለቤታቸው እንደ ሙሽራ የያዟት ናት። እትዬ፣ መኪና እንዳይመስልሽ፤ ሳሎን ናት!»

ይታይሽ ደላላውን ተከትላ መኪናዋ ከቆመችበት ግቢ ደረሰች። መሪውንም ሞተሩንም አላየችም፤ የኋላውን በር ከፍታ ገባችና ተቀመጠች። ፀሐይ የመታው ወንበር፣ የቤንዚን ሽታ፣ የመስኮቱ እጀታ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ከጎኗ ያለውን ባዶ ወንበር በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ ወርዳ በተጠየቀችው ዋጋ እሺ አለች። ደላላው «ኧረ ተከራከሪ!» እያለ በክርኑ ቢጎስማትም አልሰማችውም።

ነጋዴ ናትና ግን አንዲት ነገር አልረሳችም። ከግቢው ጥግ አሮጌ የጎን መስታወት፣ መብራትና ሌላም ከገበያ የጠፋ የመኪናዋ ዕቃ ተከምሯል። ወደዚያ እያየች፣

«በሉ እማማ፣ ይመርቁልኝና እንጨርስ» አለች።

የገበያውን ምርቃት ማለቷ ነበር፤ ሻጭ ከሸጠው በላይ ጣል የሚያደርገውን ጭማሪ። እማማ አጸደ የሰሙት ግን ሌላውን ምርቃት ነው። ከዘራቸውን ግድግዳ አስደግፈው ተነሡ፤ መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«ጎማሽን እሾህ አይንካው። የወጣሽበት መንገድ በሰላም ይመልስሽ።»

«አሜን!» አለ ደላላው፣ ለእሱም ድርሻ እንዲደርሰው።

«ከእህት ከወንድምሽ ጋር ተሳፈሪባት። ጎንሽ ያለው ወንበር ባዶ አይሁንብሽ።»

ደላላው አሜን ሊል አፉን ከፍቶ ይታይሽን ሲያይ መልሶ ዘጋው። ዓይኗ ከኋላው ባዶ ወንበር ላይ ተተክሏል።

«ልጄ፣ እጄ ዛለ እኮ» አሉ እማማ አጸደ። «አሜን በይና ላውርደው።»

«እማማ… እኔ እንኳ… መስታወቱን እንዲመርቁልኝ ነበር» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች።

አሮጊቷ እጃቸውን አውርደው አስቀመጧትና ከአጠገቧ ተቀመጡ። እሷም ለማንም ያልነገረችውን ሁሉ ነገረቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ጠየቋት።

«እህትሽ የተቀየመችሽ መኪናዋ ስለተሸጠች ነው ወይስ ሳትጠየቅ ስለተሸጠች?»

«ሳልጠይቃት በመሸጤ ነው።»

«ይህችን ስትገዢላትስ ጠየቅሻት?»

ይታይሽ ወደ መኪናዋ ዞር ብላ አየች።

«ያኔ ሳትጠይቂያት ሸጥሽ፤ ዛሬ ደግሞ ሳትጠይቂያት ልትገዢ ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ ልጄ? ሻጭ የነበርሽው ገዢ ሆንሽ እንጂ።»

«ኧረ እማማ!» ብሎ ጮኸ ደላላው። «ያለቀ ገበያ ያፈርሳሉ እንዴ?»

«አንተ ዝም በል። መኪናዋ የትም አትሄድ፤ ባትሪ እንኳ የላት።»

ይታይሽ በማግስቱ በአውቶቡስ ተሳፍራ፣ ምንም ሳትይዝ፣ እህቷ በር ላይ ቆመች። የከፈተችላት ፈለቀች ናት። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ከሕመሟ ወዲህ ትከሻዋም ከስቷል።

«እትዬ» አለች ይታይሽ፣ «የአባባን መኪና የመሰለች አገኘሁ። ልግዛት ወይስ ልተዋት? ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

ፈለቀች የእህቷን ባዶ እጆች አየች።

«ያኔም እንዲህ ብለሽ መጥተሽ ቢሆን ኖሮ» አለች፣ «ሽጫት ነበር የምልሽ።»

«ሽጫት?»

«ሱቅ እንደሚያስፈልግሽ ጠፍቶኝ ነው? አንድ ጊዜ ገብቼባት፣ አባባን አልቅሼ ልውጣ ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን ታደርግልኛለች?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ከዚህ በላይ አልተነጋገሩም። ፈለቀች በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችላት፤ በዚያው ደጃፍ ላይ ተቃቅፈው፣ ያኔ አብረው ሊያለቅሱት ይገባ የነበረውን ለቅሶ አለቀሱ።

መኪናዋን በዚያው ሳምንት ሌላ ሰው ገዛት። አልተጸጸቱም። ዛሬም ግን እንዲህ ያለች መኪና በመንገድ ላይ ስታልፍ የሁለቱም አንገት ይዞራል፤ ከዓይናቸው እስክትሰወር ይሸኟታል። ናፍቆት እንዲህ ነው፤ ይቅርታም አያጠፋው።

ወዳጆቼ፣ የበደልነውን ሰው የምንክስበት ትልቅ ነገር እስክናገኝ እንጠብቃለን። እሱ ደግሞ ከእኛ አንዲት ጥያቄ ይጠብቃል። በዚህ መሐል ፀጉር ይሸብታል፤ ልጅ ይዳራል፤ ሰው ይታመማል። ሳይጠይቁ የወሰዱትን ሳይጠይቁ መመለስም ካሳ አይሆንም፤ ሰውየው ዛሬም አልተጠየቀምና።

እናንተስ፣ «ይህን ሳገኝ እሄዳለሁ» እያላችሁ ያልሄዳችሁበት ደጅ የማን ነው?