የዝምተኛዋ ባቡር ቃጭል

በአንድ ወቅት፣ ባቡር ሁለት ደቂቃ ሲዘገይ ሹማምንቱ ወጥተው ተሳፋሪውን እጅ በሚነሡበት በጃፓን አገር፣ ለሙከራ የተሠራች አንዲት የሠራተኛ ማመላለሻ ባቡር ነበረች። እንደ እሷ ያለ ሁለተኛ አልነበረም። ሌላው ባቡር ሞተሩ መንኮራኩሩን የሚያዞረው በማርሽ ስለሆነ ሲነሣ ያፏጫል። የእሷ ሞተሮች ግን መንኮራኩሮቹን በሚያያይዙት ዘንጎች ላይ በቀጥታ ስለተገጠሙ ድምፅ የሚባል ነገር አልነበራትም። ሕዝቡም ሺዙካ አላት፤ በቋንቋቸው ጸጥተኛዋ ማለት ነው። ጸጥታዋ ሲበዛ መድረኩ ላይ የቆመው ሰው ሳያውቅ እየተነሣች ታስደነግጠው ጀመር። ስለዚህ ከጋቢናዋ መስኮት በላይ፣ ስትነሣ የሚደወል አንድ ትንሽ የነሐስ ቃጭል ሰቀሉላት። የዛሬው ክርክር በዚህ ቃጭል የመጣ ነው።

ባቡሮች በሚጠገኑበት ዴፖ ኢሶቤ የሚባል መካኒክ ነበር። ዕድሜው ሃምሳ ዘጠኝ፣ ከሰው ጋር ከማውራት ከብረት ጋር ማውራት የሚቀናው ሰው። ሥራው ረጅም እጀታ ባላት መዶሻ የባቡሯን ሆድ እየነካኩ ማዳመጥ ነው። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የታመመ ብረት ድምፁ ይታፈናል። አንዱን ነክቶ ካዳመጠ በኋላ በጣቱ ያመለክትና ጮክ ብሎ «ዮሺ!» ይላል፤ «መልካም ነው» እንደ ማለት። የሥራ ጓደኛው በያዘው የፍተሻ ሰሌዳ ላይ ምልክት ያደርጋል። ዮሺ የተባለለት ነገር ታይቶ አልቋል፣ አይከለስም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ጣትና አፍ አብረው ከሠሩ ልብ አያንቀላፋም ብለው ነው። ደንቡ መልካም ነበር፤ ግን አፍም ሥራ ይለምዳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኢሶቤ አራተኛው ዘንግ ላይ ሲደርስ አፉ ጆሮውን ቀደመው። መዶሻዋ ገና ሳትመለስ «ዮሺ!» አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያንኑ ቃል ሲል የኖረ አፍ መች ጆሮን ይጠብቃል! ጓደኛው ምልክት አደረገ፣ ኢሶቤም ወደ አምስተኛው አለፈ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ ሊቀዳ ሲል ስኒው ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ድምፁ ታፍኖ ቀረ። አገላብጦ ቢያየው ስኒው ተሰንጥቋል። ያን ጊዜ የትናንቱ የአራተኛው ዘንግ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ተመልሶ መጣ። ሰምቶት ኖሯል፤ ያዳመጠው ግን አሁን ነው። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ ጡረታ ሊወጣ የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ስልኩን አነሣ።

«አለቃ፣ ሺዙካን ያስቁሙልኝ። አራተኛው ዘንግ ላይ ዮሺ ያልኩት ሳላዳምጥ ነው።»

«ኢሶቤ-ሳን» አለ አለቃው በአገሩ የአክብሮት አጠራር፤ «ሰሌዳው ላይ ምልክት አለ እኮ! ሰባት መቶ ሰው ጭና ወጥታለች። በሕልም ባቡር አይቆምም።»

«ሕልም አይደለም አለቃ። ጥፋት ነው፤ የእኔ ጥፋት።»

አለቃው ማስቆምም ፈራ፣ ዝም ማለትም ፈራ። ስለዚህ ፈሪ የሚያደርገውን አደረገ፤ ነገሩን ለሌላ ሰው አሸከመው።

ያቺ ሌላ ሰው ነጂዋ ኡራታ ናት። ሺዙካን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት የነዳቻት እሷ ነች፤ አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም። አንድ የወንዝ ድልድይ ላይ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ሬዲዮው ተናገረ፦ «አንድ መካኒክ ዘንጉን ተጠራጥሯል። ትእዛዝ ግን አይደለም።» እሷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«የተጠራጠረው ማን ነው?»

«ኢሶቤ-ሳን።»

ፍሬኑን ያዘች። ከኋላዋ የመጣው ባቡር ሁሉ ቆመ፣ ከተማው እስከ ረፋድ ሥራ ፈታ። ከሥር ገብተው ሲያዩ አራተኛው ዘንግ ጣት የሚያህል ስንጥቅ ነበረበት። ሰባት መቶው ሰው ተረፈ። ደንብ ግን ደንብ ነው፤ ያለ ትእዛዝ ያቆመ ነጂ ከጋቢና ይወርዳል ተባለና ኡራታ ወረደች። ዛሬ መድረክ ላይ ቆማ፣ ሌሎች ለሚያዘገዩት ባቡር ተሳፋሪውን እጅ እየነሳች ይቅርታ ትጠይቃለች።

ከዚያ አጣሪዎች ተሰበሰቡ። ነገሩ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር፤ ዘንጉ ይቀየር፣ ኢሶቤ ይባረር፣ ሺዙካ ወደ ሥራዋ ትመለስ። ኢሶቤም ራሱን ዝቅ አድርጎ ተስማማ። ያን ጊዜ ማንም ያልጠራቸው ሽማግሌ ገቡ፤ ሺዙካን የነደፉት፣ ቃጭሉንም በእጃቸው የሰቀሉላት መሐንዲስ ሃራጉቺ ነበሩ። አሮጌ ንድፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ጥፋቱ የመዶሻው አይደለም፤ የእርሳሴ ነው። ይህን የሚያህል ሞተር ዘንግ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ብትቀይሩት የሚቀጥለውም ይሰነጠቃል።»

«ታዲያ ምን ይሁን ይላሉ?»

«ትፍረስ» አሉ። ይህን ብለው ንድፋቸውን መልሰው ጠቀለሉት።

የኢሶቤ ስም ነጻ ወጣ፣ ሺዙካ ተፈረደባት። ሌላው ባቡር ሠላሳ ዓመት ይሠራል፤ እሷ ገና በዘጠኝ ዓመቷ። በእሷ ላይ የተሞከሩት በሮችና መቀመጫዎች በመቶ በሚቆጠሩ አዳዲስ ባቡሮች ላይ ተገጥመው ይሮጣሉ፤ ከማን እንደመጡ የሚጠይቅ ግን የለም። ኢሶቤ በሽማግሌው ተናደደ፣ ደግሞም ሊያመሰግናቸው ፈለገ፤ የትኛው እንደሚበልጥበት አላወቀም። እሱን አባርረው እሷን ቢያቆዩለት ይመርጥ ነበር።

የምትፈርስበት ቀን ኢሶቤ፣ ኡራታና ሃራጉቺ ሳይጠራሩ መጡ፤ ሦስቱም የፈለጉት ቃጭሉን ነበር። የዚያ አገር ቁራሌ በጋሪ አይዞርም፤ ባለ መንጋጋ ማሽን ይዞ ነው የሚመጣው፣ የመጨረሻውን ፉርጎ እየቀረጠፈ ነበር። አለቃው ቃጭሉን ፈትቶ በተደፋ ሣጥን ላይ አስቀመጠው።

«ሦስት ናችሁ፣ ቃጭሉ አንድ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ብረቱን የሚጭነው መኪና ይመጣል። እስከዚያ ካልተስማማችሁ ከብረቱ ጋር ይጫናል።»

«ድምፅ የነሳኋት እኔ ነኝ፣ ድምፅ የሰጠኋትም እኔ» አሉ ሃራጉቺ። «ከእንግዲህ እርሳስ አልይዝም። ከሥራዬ የሚቀርልኝ እሱ ብቻ ነው።»

«ዘጠኝ ዓመት በየጣቢያው የደወልኩት እኔ ነኝ» አለች ኡራታ። «ከእሷ በኋላ የምነዳው የለኝም።»

ኢሶቤ ዘገየ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ጆሮዬን አላምነውም» አለ። «በየጠዋቱ እየነካሁት ልፈትነው ብዬ ነው።»

አለቃው ቀልድ መስሎት «ብቻ ለገደላት አይሰጥ!» አለ። የሳቀ አልነበረም። አንዱ በአፉ፣ አንዷ በፍሬኗ፣ አንዱ በእርሳሱ እንደገደሏት ታወቃቸውና እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን እጅ አዩ። ሦስቱም ዝም ቢሉ ሺዙካ ከነሰዎቿ ወንዝ ውስጥ ነበረች። ሽማግሌው ብቻ ዝም ቢሉ ደግሞ ዛሬም ሐዲዱ ላይ ነበረች፤ እስከሚቀጥለው ስንጥቅ ድረስ።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆነ። ኢሶቤ ጎንበስ ብሎ ቃጭሉን በጥፍሩ ነካው። ጥርት ብሎ ጮኸ፤ ወይም ለእሱ እንደዚያ መሰለው። እንደ ልማዱ ጣቱን አነሣና አመለከተ። «ዮሺ» ሊል አፉን ከፈተ፣ ቃሉ ግን አልወጣ አለው። ጣቱን እንደዘረጋ ቀረ።

እነሆ መኪናው በሩ ላይ ደርሷል። እነሱ መፍረድ አልሆነላቸውም፤ እናንተ ግን ሕሊናችሁ ላይ የተሰነጠቀ ዘንግ የለባችሁም። አፋችሁ ጆሯችሁን ሳይቀድም ፍረዱ፦ ቃጭሉ የሚገባው ለማን ነው?